የጄኔራል ቤንጃሚን ዴቪስ የማዕረግ ጎዳና

በጦር ሠራዊት ውስጥ ማዕረግ እንደ መሰላል ነው ይባላል። ምክትል የመቶ አለቃው ሻምበልነትን፥ ሻምበሉ ሻለቃነትን፥ ሻለቃውም ኮሎኔልነትን እየተመኘ ደረጃውን አንድ በአንድ ይወጣል፤ የሚያግደውም ወይ ስንፍናው፥ ወይ ዕድሉ፥ ወይ የጦር ሜዳ ጥይት ነው። ነገር ግን መሰላሉ ለሁሉ እኩል ያልቆመበት ዘመንና አገር ነበረ። በዚያ ዘመን አንዱ በሦስት ዓመት የሚወጣውን ደረጃ ሌላው ዕድሜውን ሁሉ ቢደክም አይደርስበትም፤ ምክንያቱም የቆዳው ቀለም ነው። እኛም ዛሬ የምናቀርበው እንደዚህ ባለው መሰላል ላይ ወጥተው በአሜሪካ አየር ኃይል የመጀመሪያው ጥቍር ጄኔራል ለመሆን የበቁትን የቤንጃሚን ኦሊቨር ዴቪስን ታሪክ ነው። ነገሩ የተፈጸመው በውጭ አገር ስለ ሆነ፥ ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ዴቪስ የተወለዱት በዋሽንግተን ከተማ በዲሴምበር 18 ቀን 1912 ነው። እናታቸው ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ሞቱባቸው። አባታቸው በስም ሞክሼያቸው የሆኑ የፈረሰኛ ጦር መኰንን ነበሩ፤ በተራ ወታደርነት ገብተው፥ ፈተና አልፈው፥ በ1901 የመኰንንነት ማዕረግ ያገኙ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ መንግሥት እኒህን መኰንን ምን እንደሚያደርጋቸው አያውቅም ነበር። ነጭ ወታደር እንዲያዝዙ አይፈለግም፤ ነጭ መኰንንም ከሥራቸው እንዲሆን አይፈለግም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በጥቍሮች ኮሌጅ የጦር ትምህርት መምህር፥ አንድ ጊዜ በላይቤሪያ የጦር አታሼ እያደረጉ ሲያዛውሯቸው ኖሩ። የአባትን ታሪክ እዚህ ላይ ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም፤ ልጅየው የሚሄዱበት መንገድ አስቀድሞ በአባትየው እግር ተረግጦ ነበርና።

ቤተ ሰቡ አላባማ ውስጥ በምትገኘው በተስኪጊ ተቀምጦ ሳለ አንድ ነገር ሆነ። በ1923 ለጥቍሮች የጦር ጕዳተኞች በተሠራው ሆስፒታል ጥቍር ሐኪሞችና ጥቍር ነርሶች ሊቀጠሩ ነው መባሉን የሰሙት የኩ ክለክስ ክላን ሰዎች፥ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ችቦ እያበሩ በመንደሩ ሊያልፉ ተነሡ። ለጥቍሮቹ የተሰጠው ምክር መብራት አጥፍተው፥ በር ዘግተው፥ ከቤት እንዳይወጡ ነበር። አባት ዴቪስ ግን ነጩን የክብር የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፥ የበረንዳውን መብራት አብርተው፥ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን በዙሪያቸው አስቀምጠው፥ ሰልፉ እስኪያልፍ ድረስ ዝም ብለው ተመለከቱ። በመንደሩ ውስጥ የበራው መብራት የእርሳቸው ብቻ ነበረ ይባላል። ልጅየው በዚያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ብላቴና ነበሩ። ብዙ ጊዜ የሰው ጠባይ ከየት እንደ መጣ ለመናገር ያስቸግራል፤ የዴቪስ ግን አያስቸግርም ብለን እናምናለን።

የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ፥ በ1926፥ በቦሊንግ የአይሮፕላን ማረፊያ ከመጡት ነጂዎች አንዱ፥ አባታቸው ከፍለውለት፥ ብላቴናውን በአየር ላይ አዞራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዴቪስ ምኞት አንድ ብቻ ሆነ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የጦር ሠራዊት ውስጥ አይሮፕላን የሚነዳ አንድም ጥቍር ሰው አልነበረም።

ወደ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ለመግባት የሕዝብ እንደራሴ ዕጩ አድርጎ ማቅረብ አለበት። በዚያን ዘመን በምክር ቤቱ ውስጥ የነበሩት ጥቍር እንደራሴ የቺካጎው ኦስካር ዲ ፕሪስት ብቻ ስለ ነበሩ፥ ዴቪስ በእርሳቸው አቅራቢነት በ1932 ገቡ። በገቡም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጓደኞቻቸው ተሰብስበው መከሩና አንድ ፍርድ ፈረዱባቸው፤ ፍርዱም ዝምታ ነበረ።

ይህ ዝምታ ምን ዓይነት እንደ ነበረ ማስረዳት ያስፈልጋል። በአገራችን ባላገር ከማኅበር የተለየ ሰው እሳት እንዳይጫርለት፥ ቡና እንዳይጠራ ይደረጋል፤ ሰውየው ግን ያጠፋው ጥፋት አለ፤ ሽማግሌ ልኮ ካሳ ቢከፍል ይመለሳል። ዴቪስ ያጠፉት ጥፋት ስላልነበረ የሚክሱት ካሳም አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን በአንድ ክፍል ተኙ፤ በገበታ ከማንም ጋራ ሳይነጋገሩ በሉ፤ ዕጩ መኰንኖቹ በጉዞ ጊዜ ከአጠገባቸው አይቀመጡም ነበር። ከሥራ ትእዛዝ በቀር ቃል የሚያወጣላቸው አልነበረም። ይህን ያደረጉት ሰዎች ተስፋቸው አንድ ነበር፤ ይኸውም ሰልችቶት ራሱ ጥሎ ይሄዳል ማለት ነው። እርሳቸው ግን ለአባታቸው በሚጽፉት ደብዳቤ እንኳ ምሬታቸውን እምብዛም አይገልጹም ነበር። በጁን ወር 1936 ከ276 ምሩቃን መካከል 35ኛ ሆነው ወጡ። የሚያስደንቀው ነገር በዚያው ዓመት ምሩቃኑ ያሳተሙት የመታሰቢያ መጽሐፍ የዴቪስን ጽናትና ድፍረት አመስግኖ መጻፉ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ የሰላምታ ቃል ያልወጣቸው ሰዎች በጽሕፈት ሲያመሰግኑ ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ከአፋቸው ይልቅ ደፋር ሆኖ ተገኘ። ዌስት ፖይንትም በ2017 ለዕጩ መኰንኖች ያሠራውን አዲስ የመኝታ ሕንጻ በዴቪስ ስም ሰይሞታል።

ጁን 1936 ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላ ትዝታ ያለው ወር ነው። አዲስ አበባ በፋሺስት ጦር ከተያዘች ገና አንድ ወር መሆኗ ነበር፤ በዚያው ወር መጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዙ ጋዝ ተናገሩ። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ያለ ተቃዋሚ ሲመላለሱ፥ በዚያ በኩል ደግሞ ሰማይ የተከለከለ አንድ ጥቍር መኰንን ነበረ። ሁለቱ ነገሮች በምን እንደሚገናኙ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዴቪስ ገና ከመመረቃቸው በፊት ወደ አየር ጓድ ለመግባት አመልክተው ነበር። የጤናውን ምርመራ አልፈው ሳለ፥ የመጣላቸው መልስ በአየር ጓድ ውስጥ የጥቍሮች ክፍል ስለሌለና ሊቋቋምም ስላልታሰበ አይቻልም የሚል ነበር። የአካዳሚው አዛዥም ጠርተው፥ ጥቍር መኰንን ነጭ ወታደሮችን ሊያዝዝ አይችልምና ሕግ ብትማር ይሻልሃል ብለው መከሯቸው። ዴቪስ ግን ሕግ ለመማር አልመጡም ነበርና፥ ወጣት ባለቤታቸውን አጋታን ይዘው ወደ ፎርት ቤኒንግ ወደ እግረኛ ጦር ሄዱ። በዚያም የመኰንኖቹ ክበብ በር ተዘጋባቸው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የጦር ሠራዊት ውስጥ ከቄሶቹ በቀር የነበሩት ጥቍር መኰንኖች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም አባትና ልጁ ዴቪስ ናቸው። በ1938 ልጅየው ወደ ተስኪጊ ተላኩ፤ ሥራቸውም የጦር ትምህርት ማስተማር ሆነ። አባትየው ሲሠሩት የነበረውን ሥራ፥ በዚያው ስፍራ ማለት ነው። የሠላሳ ዓመቱ መንገድ ተጠምዝዞ ወደ ተነሣበት ተመለሰ።

መንገዱን ያቃናው የምርጫ ዘመን ነው፤ ይህን ሳንደብቅ እንናገራለን። በ1940 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሦስተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ የጥቍሮቹን ድምፅ ይፈልጉ ነበር። ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ በኦክቶበር ወር፥ አባት ዴቪስ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመጀመሪያው ጥቍር ጄኔራል ሆኑ። በተከታዩም ዓመት በተስኪጊ የጥቍሮች የተዋጊ አይሮፕላን ስኳድሮን እንዲቋቋም ተፈቀደ። ያ ክፍል 99ኛው ስኳድሮን ይባላል።

ተስኪጊ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ የአየር ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1935 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፥ በኮሎኔልነት ማዕረግ፥ ያረጁና መሣሪያ የሌላቸው ጥቂት አይሮፕላኖች የነበሩትን አየር ኃይላችንን ያዘዘው ጆን ሮቢንሰን በ1924 ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነበር። አይሮፕላን መንዳት በተስኪጊ ትምህርት ቤት ይሰጥ ዘንድ አስቀድመው ካሳሰቡት ሰዎች አንዱ እርሱ ስለ ሆነ፥ አንዳንድ ጸሐፊዎች የተስኪጊ አየረኞች አባት ይሉታል። ሮቢንሰን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጥቶ የኛን ልጆች ሲያስተምር ቆይቶ በ1954 በደረሰበት የአይሮፕላን አደጋ ሞተ፤ መቃብሩም በአዲስ አበባ ነው።

በተስኪጊ ለመጀመሪያው ትምህርት የገቡት ዐሥራ ሦስት ነበሩ፤ በማርች 7 ቀን 1942 የነጂነቱን ክንፍ የተቀበሉት አምስት ብቻ ናቸው፤ ከአምስቱም አንዱ ሻምበል ዴቪስ ነበሩ። አየር ጓዱ አይሆንም ካላቸው ሰባት ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ማዕረጉ ተጣደፈ። በዚያው ዓመት ሌተና ኮሎኔል ሆነው የ99ኛው ስኳድሮን አዛዥ ተባሉ፤ ከእርሳቸው በቀር ለዚያ ክፍል አዛዥ የሚሆን ጥቍር መኰንን አልነበረምና። የጥቍርና የነጭ መለያየት ለብዙ ዓመት ያገዳቸውን ያህል፥ አሁን ደግሞ ያው መለያየት ራሱ ወደ ላይ ገፋቸው።

ስኳድሮኑ በ1943 የጸደይ ወራት ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻገረ። መጀመሪያ የተዋጋው በጁን 1943 በፓንተለሪያ ደሴት ላይ ነው። ይህች ደሴት በቱኒስያና በሲሲሊያ መካከል የምትገኝ የኢጣልያ ምሽግ ስትሆን፥ በአየር ድብደባ ብዛት በጁን 11 ቀን እጅዋን ሰጠች። አስቀድመን የተውነው ነገር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ የሐበሻን ሕዝብ ከአየር ሲያቃጥል የነበረው የሙሶሊኒ መንግሥት፥ ከሰባት ዓመት በኋላ በገዛ ምድሩ ላይ ከወረዱት አይሮፕላኖች መካከል ነጂዎቻቸው ጥቍሮች የሆኑ ነበሩበት።

ነገር ግን የዴቪስ ትልቁ ውጊያ የተደረገው በሰማይ ላይ አልነበረም። 99ኛው ስኳድሮን የተመደበበት የ33ኛው ግሩፕ አዛዥ፥ ኮሎኔል ዊልያም ሞምየር፥ ጥቍሮቹ ነጂዎች የጀግንነት ወኔ የላቸውም፥ ከግንባር ተነሥተው ወደ ሌላ ሥራ ይዛወሩ የሚል ሪፖርት ጻፉ። ሪፖርቱም ከአለቃ ወደ አለቃ እየተላለፈ፥ እያንዳንዱም እየተስማማበት፥ እስከ አየር ኃይሉ የበላይ አዛዥ ደረሰ። ዴቪስ በዚያን ጊዜ ሌላ ክፍል ሊያዝዙ ወደ አሜሪካ ተመልሰው ነበርና፥ በኦክቶበር 1943 በጦር ሚኒስቴሩ ኮሚቴ ፊት ቀርበው መልስ እንዲሰጡ ተጠሩ።

በልባቸው እጅግ ተቈጥተው ነበር፤ ይህንንም ከብዙ ዓመት በኋላ ራሳቸው ጽፈውታል። በኮሚቴው ፊት ግን ቍጣ አላሳዩም። ስኳድሮኑ ወደ ግንባር ሲወጣ፥ አዛዡን ጨምሮ፥ ከዚያ በፊት ጦርነት ያየ አንድ ሰው እንዳልነበረው፤ በሌሎቹ ስኳድሮኖች ግን አዲሱን የሚመራ የለመደ ነጂ እንደ ነበረ አስረዱ። የነጂዎቹ ቍጥር ከሌላው ያነሰ፥ ተተኪም በጊዜው የማይላክላቸው በመሆኑ፥ አንዱ ሰው የሁለትን ሰው ሥራ ይሠራ እንደ ነበረ ዘረዘሩ። ኮሚቴውም ነገሩ ይጠና አለ። ጥናቱ ሲያልቅ 99ኛው ስኳድሮን በዚያው ዓይነት አይሮፕላን ከሚዋጉት ከሌሎቹ እንደማያንስ ተረጋገጠ። ጥናቱ ገና ሳያልቅም ነጂዎቹ ራሳቸው መልስ ሰጥተው ነበር፤ በጃንዋሪ 27 እና 28 ቀን 1944 በአንዚዮ ሰማይ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ዐሥራ ሁለት የጀርመን አይሮፕላኖች ጣሉ።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ወደድን። የአንድ መኰንን ብቃት የሚታወቀው በጦር ሜዳ ነው ይባላል፤ እኛ ግን የዴቪስ ብቃት ከሁሉ ይልቅ በዚያ ኮሚቴ ክፍል ውስጥ ታይቷል እንላለን። አንድ የቍጣ ቃል ቢያመልጣቸው ኖሮ የሚፈረድባቸው በእርሳቸው ብቻ አልነበረም፤ በተስኪጊ ክንፍ ለመቀበል ተራቸውን በሚጠብቁት ወጣቶች ሁሉ ላይ ነበርና። በዌስት ፖይንት ዝምታን ቅጣት አድርገው የሰጧቸው ሰዎች፥ ሳያውቁት መሣሪያ አስታጥቀዋቸዋል።

በ1944 ዴቪስ 332ኛውን ተዋጊ ግሩፕ ይዘው ወደ ኢጣልያ ተመለሱ፤ በዚያም ዓመት ኮሎኔል ሆኑ። የግሩፑ ሥራ ወደ ጀርመንና ወደ ሌሎች አገሮች የሚሄዱትን ከባድ ቦምብ ጣዮች ማጀብ ነበር። የአይሮፕላኖቻቸው ጭራ ቀይ ቀለም ስለ ተቀባ «ቀይ ጭራዎች» ተባሉ። ዴቪስ ለነጂዎቻቸው የሰጡት ትእዛዝ አጭርና ጥብቅ ነበር፤ የጠላት ተዋጊ ቢያባብላችሁም ተከትላችሁ ቦምብ ጣዮቹን አትለዩ የሚል ነው። ለወጣት ነጂ ይህ መራራ ትእዛዝ ነው፤ ዝናና ኒሻን የሚገኘው ጠላት በመጣል እንጂ ሌላውን በመጠበቅ አይደለምና። እርሳቸው ራሳቸው በጁን 9 ቀን 1944 ወደ ሙኒክ የሄዱትን ቦምብ ጣዮች መርተው ባጀቡበት ውጊያ የበራሪዎች የክብር መስቀል ተሸለሙ። ሽልማቱን በሴፕቴምበር ወር በራሚቴሊ የአይሮፕላን ማረፊያ በደረታቸው ላይ ያደረጉላቸው አባታቸው ጄኔራል ዴቪስ ናቸው።

ቀይ ጭራዎቹ ሲያጅቡ አንድም ቦምብ ጣይ በጠላት ተዋጊ አልተመታም የሚል ነገር በ1945 በጋዜጣ ወጥቶ ለስድሳ ዓመት ያህል ሲነገር ኖረ። ይህ እውነት አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል የታሪክ ክፍል መዝገቡን ሲመረምር፥ በእነርሱ አጀብ ሥር ሳሉ 27 ቦምብ ጣዮች በጠላት አይሮፕላን መውደቃቸውን አግኝቷል። ነገር ግን ያው መዝገብ በዚያው 15ኛው አየር ኃይል ሥር የነበሩት ሌሎቹ አጃቢ ግሩፖች በአማካይ 46 እንደ ጠፋባቸው ይናገራል። እኛ እንደሚመስለን ከተረቱ ይልቅ ቍጥሩ ይበልጥ ያስከብራቸዋል፤ አንድም አልወደቀም የሚባለው የመላእክት ሥራ ነው፥ ይህ ግን የሰው ሥራ ነውና።

ጦርነቱ ሲያልቅ ዴቪስ የተመለሱት መለያየቱ ወዳልቀረበት አገር ነው። በኤፕሪል 1945 በፍሪማን ፊልድ የጥቍሮችን ክበብ ከነጮች ክበብ የሚለየውን ደንብ አንፈርምም ያሉ 101 ጥቍር መኰንኖች ታስረው ነበር። የእነዚህን ሰዎች ክፍል እንዲያዝዙ የተሰጡት ዴቪስ ናቸው። ከ1946 ጀምሮም በኦሃዮ የሚገኘውን የሎክቦርን ሰፈር አዘዙ። በአዛዥነታቸው ጊዜ ፊታቸው የማይፈታ፥ ጥፋትን የማያልፉ ሰው ነበሩ፤ ከነጂዎቻቸውም መካከል በዚህ ምክንያት የማይወዷቸው ነበሩ። ይህን እኛ አንሸፋፍንላቸውም። ነገር ግን አንድ ነጂ ቢያጠፋ «ጥቍር እንዲህ ነው» የሚባልበት ዘመን መሆኑን የሚያስብ ሰው፥ ጥብቅነቱ ከየት እንደ መጣ ይገባዋል። በጁላይ 26 ቀን 1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦር ሠራዊት ውስጥ መለያየት እንዲቀር አዘዙ፤ በተከታዩም ዓመት የሎክቦርን ሰዎች ወደ ልዩ ልዩ ክፍል ተበተኑ። ዴቪስ ሲያዝዙት የነበረው ክፍል ፈረሰ፤ እርሳቸው የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የማናቸውም ትልቅ መኰንን መንገድ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1949 ወደ አየር ኃይሉ የጦር ኮሌጅ ገቡ። በ1953 የተኩስ ማቆሙ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፥ የቃኘው ሻለቃ ጦራችን በተዋጋባት በኮርያ የ51ኛው ተዋጊ ክንፍ አዛዥ ሆኑ፤ በዚያም የሚያዝዟቸው ሰዎች ነጭም ጥቍርም ነበሩ። በ1954 ብርጋዴር ጄኔራል፥ በ1959 ሜጀር ጄኔራል፥ በ1965 ሌተና ጄኔራል ተባሉ።

በኦገስት 1967 በፊሊፒን የሚገኘው የ13ኛው አየር ኃይል አዛዥ ሆኑ። በዚያን ጊዜ በቬትናም የሚዋጋው የ7ኛው አየር ኃይል አዛዥ ማን ነበረ? ያው ሞምየር ነበሩ፤ በ1943 ሪፖርቱን የጻፉት። በታይላንድ የሰፈሩት የአይሮፕላን ክፍሎችም በውጊያው ለአንዱ፥ በአስተዳደሩ ለሌላው የተገዙ ስለ ነበሩ፥ ሁለቱ ሰዎች በሥራ ይገናኙ ነበር። በቬትናም የአሜሪካ ጦር ጠቅላይ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ዌስትሞርላንድም በ1936 ከዴቪስ ጋራ ከዌስት ፖይንት የተመረቁ ናቸው። ሞምየር በዚያው በ1967 መጨረሻ አራተኛውን ኮከብ አገኙ። ዴቪስ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው፥ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1970፥ በሦስት ኮከብ ጡረታ ወጡ።

ከጡረታ በኋላ በዚያው ዓመት ከንቲባው ካርል ስቶክስ የክሊቭላንድ ከተማ የጸጥታ ኃላፊ አደረጓቸው። ስቶክስም ጥቍር ነበሩ፤ ሆኖም ሁለቱ አልተስማሙም። ዴቪስ ከንቲባው የሕግ አስከባሪዎችን ጠላቶች ይደግፋሉ ብለው በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራቸውን ለቀቁ። ወታደር በሚያዝዝበት ቋንቋ ከተማ ለማስተዳደር መሞከር ለማንም አልበጀም፤ የዘመኑ ወጣቶች የሚጠይቁት ነገር ዴቪስ በጽናት ታግሠው ካለፉት የተለየ ነበርና፥ እርሳቸው ይህን በሙሉ የተረዱት አይመስለንም። በመጓጓዣ ሚኒስቴር ውስጥ ግን፥ አይሮፕላን ጠላፊዎች በበዙበት ዘመን፥ የበረራ ጸጥታን ሥራ መርተው በ1971 ረዳት ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ 1975ም አገለገሉ።

በዲሴምበር 9 ቀን 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ዴቪስን ወደ ዋይት ሐውስ ጠርተው የአራተኛውን ኮከብ ማዕረግ ሰጧቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ስድስት ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አጋታ በማርች 2002 ዐረፉ፤ ጄኔራሉም በዚያው ዓመት በጁላይ 4 ቀን፥ አሜሪካ የነጻነት በዓልዋን በምታከብርበት ዕለት፥ ሞቱ። በአርሊንግተን የጀግኖች መቃብር ሲቀበሩ ጭራው ቀይ የተቀባ አንድ አሮጌ ተዋጊ አይሮፕላን በላያቸው በረረ።